ሞተሩም 12፣ ዲናሞውም 12?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ዓሣ ተረክቤ የማቆይበት ትንሽ ቤት አለኝ። ሁለት ዲፕ ፍሪዝ፣ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕና ጥቂት አምፖሎች አሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ የእንጀራ ምጣዱም እንዲሠራላት ትፈልጋለች። መብራት ሲጠፋ እንዳልቸገር፣ ድሮ ሽንኩርት አጠጣበት የነበረውን ባለ አንድ ሲሊንደር ኤስ 195 ናፍጣ ሞተር ከዲናሞ ጋር ላጋጥመው አስቤያለሁ። ሱቅ ስጠይቅ ‹ሞተርህ 12 ነው፣ ዲናሞም 12 ውሰድ› አሉኝ። ልግዛ ወይ?»

ወንድማለም፣ ገና ካልከፈልክ አትክፈል። የሞተሩ 12 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የዲናሞው 12 ኪሎ ዋት ነው። 12 ቁና ጤፍና 12 ኪሎ ጤፍ ቁጥራቸው ቢገጥም ማንም አንድ ነው ብሎ እንደማይገበያይ ሁሉ፣ እነዚህም አንድ አይደሉም። ዲናሞ በራሱ ጉልበት የለውም። ከሞተሩ የተቀበለውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ ሲቀይርም ከመንገድ ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው።

አንድ የፈረስ ጉልበት 735 ዋት ተኩል ያህል ነው። ያንተ 12ቱ 8.8 ኪሎ ዋት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ግን ሞተሩ የሚሰጠው በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር፣ ያውም ባሕር ጠለል አጠገብ ነው። እኛ ያለነው ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣና «ባሕር» ቢባልም ለሞተር ተራራ ነው፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አየር አምስተኛው ያህል የጎደለው ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በራሱ ሳንባ ብቻ ስለሚተነፍስ፣ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ እየቀነስክ ብታሰላ ብዙ አትሳሳትም። 18 በመቶ ስናነሳ 8.8ቱ 7.2 ይሆናል።

ሞተሩን ሙሉ 2,000 ዙር ላይ ለሰዓታት እንድታስሮጠው አልመክርህም። 1,800 ላይ ይበቃዋል፤ ድምፁም ይለዝባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ዙሩ በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳልና 6.5 ኪሎ ዋት ይቀራል። ሞተሩን ከዲናሞው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ 5 በመቶ ያህል ይበላል፤ 6.2። የዚህ መጠን ዲናሞ ከተቀበለው ወደ 80 በመቶ ነው የሚመልሰው፤ 4.9። ትንሽ ትርፍ ትንፋሽ ስትተውለት፣ ሳታስጨንቀው ቀኑን ሙሉ የምታገኘው 4.5 ኪሎ ዋት ነው።

4.5! ባለሱቁ 12 ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር ማጋጠም ስለሚቀል ነው። ወረቀት ላይ ይህን ሁሉ መደርደር ካታከተህ ግን እዚህ አካባቢ የምጠቀምባት አቋራጭ አለች፦ ለአንድ ኪሎ ዋት ሁለት ፈረስ ተኩል። ቆላ ላይ ሁለት ፈረስ ይበቃ ይሆናል፤ እኛ ጋ ግማሽ ፈረስ ለከፍታው ትገብራለህ።

ታዲያ 12 ኪሎ ዋቱን ዲናሞ ብትገዛ ምን ይሆናል? አይቃጠልም፣ ሞተርህንም አይሰብርም። ነገር ግን የማትጠቀምበትን ብረትና መዳብ በገንዘብህ ገዝተህ፣ ለማሽከርከሩም ናፍጣ ትከፍላለህ። በአንጻሩ ልክ 5 የሚለውን መግዛትም አልወድም። ምክንያቱ ፓምፕህና ዲፕ ፍሪዞችህ ናቸው። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይጎትታል፣ አምስትም ስድስትም እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ዲናሞው ጠባብ ከሆነ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ፓምፑ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ሳይነሳም ይቀራል። የናፍጣ ሞተሩ ያችን ቅጽበት በቮላኖው፣ አብሮት በሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ፣ ያልፋታል፤ ዲናሞውም የሚያልፋት ሰፋ ያለ ሽቦ ካለው ነው። በዚያ ላይ ርካሹ ዲናሞ ታርጋው ላይ የተጻፈውን ሁልጊዜ አይሰጥም። እኔ ብሆን 7.5 የሚለውን ባለ አንድ ፌዝ ዲናሞ እገዛና እንደ 4.5 እቆጥረዋለሁ።

«ባለ አንድ ፌዝ» ያልኩት ሳታስተውለው እንዳታልፍ፤ ፌዝ ማለት ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው መስመር ነው። ሱቅ ውስጥ ባለ አንድ ፌዙና ባለ ሦስት ፌዙ ጎን ለጎን ተቀምጠው መንትያ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ታርጋው ላይ «ኤስ ቲ» ሲል ሌላው «ኤስ ቲ ሲ» ይላል፤ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ባለ ሦስት ፌዙ 7.5 ኪሎ ዋቱን ለሦስት ነው የሚያካፍለው፤ በአንዱ ፌዝ ላይ የሚገኘው 2.5 ብቻ ነው። ምጣድህ ብቻውን 3 ተኩል አካባቢ ይፈልጋል። የመጀመሪያው እንጀራ ሳይወጣ ሽቦው ይሸታል።

ታርጋውን ስታይ ዙሩንም አንብብ፤ 1,500 ማለት አለበት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ኸርዙ የሚመጣው ከማግኔት ዋልታዎቹ ብዛትና ከዙሩ ነው፦ ዋልታውን በዙሩ አባዛና ለ120 አካፍል። አራት ዋልታ ያለው በ1,500 ዙር 50 ኸርዝ ይሰጣል። ሁለት ዋልታ ያለው ግን 3,000 ዙር ይጠይቃል፤ እሱ ለትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች የተሠራ ነው፤ ካንተው ዘገምተኛ ሞተር ጋር አይጋባም። 60 ኸርዝና 1,800 ዙር የሚል ታርጋ ካየህ ደግሞ ዕቃው ለሌላ አገር የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ፑሊው፣ ቺንጋው ወደሚዞርበት ጎማ፣ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። ሞተሩ 1,800 ይዞራል፣ ዲናሞው 1,500 እንዲዞር ትፈልጋለህ። የሞተሩ ፑሊ ስፋት በሞተሩ ዙር ተባዝቶ፣ ከዲናሞው ፑሊ ስፋት በዲናሞው ዙር ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። የሞተሩ 150 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዲናሞው 180 ይሆናል። ትልቁ የቱ ላይ እንደሚገባ አስተውል፦ ዲናሞው ላይ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ልኩን በትክክል አስልቼ፣ ቶርኖ ቤት አስቆርጬ፣ ሲገጠም አገለባብጬው ነበር። ዲናሞው 1,500 መዞር ሲገባው 2,160 ዞረ፤ 72 ኸርዝ ማለት ነው። ቮልቴጁም አብሮ ወጣ። ስድስት አምፖል በአንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ሰጥተው ሄዱ። ባለቤቱ «እንዲህ የሚያበራ ጄኔሬተር አይቼ አላውቅም» ብሎ አመስግኖኝ ሳይጨርስ ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ቴስተሬን ሳልሰካ ምንም ዓይነት ዕቃ አላገናኝም።

አንዳንዱ «ፑሊ ምን ያደርጋል፣ ሞተሩን 1,500 ላይ ዝቅ አድርጎ ቀጥታ ማገናኘት ነው» ይላል። ይቻላል። ቺንጋ የለም፣ ብክነቱም የለም፤ ጉልበቱ ግን ከ2,000ው ሦስት አራተኛ ይሆናል፣ የምታገኘውም ከ4.3 ኪሎ ዋት አያልፍም፤ ትንፋሽ ስትተውለት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚያ ላይ ሁለቱን ዘንግ በአንድ መስመር ላይ ማስተካከል የቺንጋን ያህል ምሕረት የለውም፤ በትንሹ ከተዛነፈ ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው የሚገፋው፤ ያ ምት ቀጥታ ወደ ዲናሞው ሲሄድ አምፖል ላይ እንደ ዓይን ጥቅሻ ይታያል። ቺንጋ ጥቂቱን ውጦ ያስቀረዋል። ላንተ ሥራ ቺንጋው ይሻላል።

ቺንጋ ከመረጥክ ደግሞ ዲናሞው በሁለቱም ጫፍ ኩሽኔታ ያለው መሆኑን አረጋግጥ። አንድ ኩሽኔታ ብቻ ኖሮት በሌላው ወገን በሞተሩ ቮላኖ ላይ እንዲደገፍ የተሠራ አለ፤ እሱ ወደ ጎን መጎተትን አይችልም። በእጅህ አዙረው፤ ጠጠር እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተወው። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ዲናሞዎች ከቀረቡልህ ሁለቱንም አንሳና ከባዱን ውሰድ። መዳብና ብረት ይከብዳል፤ ቀለም አይከብድም።

አገጣጠሙ ረጅም ነገር አይፈልግም። ሁለቱንም አንድ ጠንካራ የብረት ፍሬም ላይ አስቀምጥ፤ የዲናሞው ቡሎን ቀዳዳ ቺንጋውን መወጠር እንድትችል ሞላላ ይሁን። ሦስት ቦይ ያለው ፑሊና ሦስት የቢ ዓይነት ቺንጋ ይበቃሃል። በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ ሲባጎ ወጥር፤ አራቱንም ጠርዝ ከነካ ቀጥ ብሏል። ቺንጋውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ስትጫነው፣ በፑሊዎቹ መካከል ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መጉበጥ አለበት። አዲስ ቺንጋ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ይለቃልና እንደገና ወጥረው። አንዱ ሲበጠስ ሦስቱንም ቀይር፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ሲገባ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። ቺንጋው ላይ ደግሞ የሽቦ ወይም የላሜራ መከለያ ሳትሠራለት እንዳታስነሳው። ሴቶች ነጠላ ለብሰው፣ አንተም ጋቢህን ጣል አድርገህ በምትመላለስበት ቤት ውስጥ ስለ ቺንጋ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

ሲነሳ ዙሩን የምታስተካክለው በጆሮህ እንዳይሆን። ኸርዝ የሚለካ ቴስተር ግዛ፤ ከዲናሞው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ሸክም ሳይኖርበት 52 ኸርዝ ላይ አድርገው። እንዲህ ያለ ሞተር ዙሩን የሚቆጣጠረው ገቨርነር ሜካኒካል ስለሆነ ሸክም ሲመጣ ዙሩ ትንሽ መውረዱ አይቀርም፤ ከ52 ተነስቶ ሙሉ ሸክም ላይ 50 ወይም 49 ተኩል ቢደርስ ጤናማ ነው። ባዶውን 50 ላይ ካስተካከልከው ግን ምጣዱ ሲሰካ ከ48 በታች ይገባል። ምጣዱ ግድ የለውም፤ ፓምፑና የዲፕ ፍሪዙ ኮምፕረሰር ግን በዝቅተኛ ኸርዝና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይግላሉ። ሰዎች «ጄኔሬተር ፍሪጄን አቃጠለብኝ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። ሸክም ሲጫን ጥቁር ጭስ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ከወጣና ካልጠራ አየሩ አልበቃውም ማለት ነው፤ ናፍጣ መጨመሩ ጭስ እንጂ ጉልበት አይሆንህም። ሸክም ቀንስ።

ስለ ሸክሙ ካነሳን፣ የቤትህን ሒሳብ እንይ። ፓምፑ ሲሠራ ወደ 2 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ሁለቱ ዲፕ ፍሪዞች ተደምረው ግማሽ ኪሎ ዋት ገደማ፣ አምፖሎቹ ከ100 ዋት አይዘሉም። ሁሉም በአንድነት 2.6 ነው፤ ሞተርህ ይዟቸው ያዘግማል። ምጣዱ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። 3 ተኩል ምጣዱ፣ ግማሽ ዲፕ ፍሪዞቹ፤ 4 ሞላ፤ ፓምፑ ከተጨመረ 6 ያልፋል። ስለዚህ ለባለቤትህ መልሱ «አዎ ይሠራል» ነው፤ ግን እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ውሃ አይሳብም። ይህን በቃል ስምምነት አትተወው፤ ፓምፑንና ምጣዱን በአንድ መምረጫ ማብሪያ ላይ አድርጋቸው፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ስትጭን ደግሞ በመጀመሪያ ፓምፑን አስነሳ፣ ቀጥሎ ዲፕ ፍሪዞቹን አንድ በአንድ።

ሽቦው ላይ አትቆጥብ። 4.5 ኪሎ ዋት 20 አምፔር ነው። ሞተሩን ከቤቱ 60 ሜትር አርቀህ ብታስቀምጥና 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ሽቦ ብትዘረጋ፣ ሄዶ ሲመለስ 120 ሜትር ሽቦ ይሆናል፤ ከ220ው ወደ 18 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ብታደርገው 7 ቮልት ገደማ ነው የሚጠፋው። ዲናሞው አጠገብ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይቀመጥ፤ ከእሱ ቀጥሎ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ ንዝረት መከላከያ። ያንተ ቤት ወለሉ ዘወትር እርጥብ ነው፣ ዓሣ የሚያጥቡ ልጆች ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ መከላከያው እዚህ ቤት የግድ ነው። እሱ እንዲሠራ ከዲናሞው ሁለት መስመር አንዱ ከዲናሞው የብረት አካል ጋር ተያይዞ ወደ መሬት ዘንግ መግባት አለበት፤ ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራልህ።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር የመብራት ኃይሉንና የጄኔሬተሩን መስመር የሚለያየው ቼንጅ ኦቨር ነው። ሁለቱንም ሽቦ፣ ፌዙንም ኑትራሉንም፣ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርተህ ግድግዳው ላይ ካለው ማከፋፈያ በኩል ቤቱን ላብራ እንዳትል። ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር 15,000ውን ወደ 220 የሚያወርድ ነው፤ ካንተ በኩል 220 ሲገባበት ደግሞ መልሶ ወደ 15,000 ያወጣዋል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ የሚነካው ሠራተኛ የማን ጄኔሬተር እንደገደለው እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

ሞተሩን ዓሣ ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አታስገባው። ጭሱ ሰው ይገድላል፤ ዓሣውንም ናፍጣ ናፍጣ ያሸተዋል። ጎኖቹ ክፍት የሆነ ዳስ ውስጥ፣ ከዝናብ ተከልሎ፣ ማርሚታው ከመስኮት ርቆ ይቁም።

ይህ ሞተር ውሃውን እያፈላ ነው የሚቀዘቅዘው። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና እንፋሎቱን አይተህ አትደንግጥ፤ ይልቅ ቀዩ ተንሳፋፊ ሲወርድ ወዲያው ጨምር። ውሃው ዝናብ የተጠራቀመ ወይም የተጣራ ይሁን። ሐይቁ ቅርብ ነው ብለህ ጭቃማውን ክረምት ውሃ በባልዲ ካጋባህበት፣ ደለሉ ሲሊንደሩ ዙሪያ ይጋገርና ሞተሩ ያለ ምክንያት የሚግል ይመስልሃል።

የሐይቅ ዳር እርጥበት ለዲናሞው ጠላት ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳይነሳ ከቆየ፣ ከማስነሳትህ በፊት አንድ የድሮ ዓይነት 60 ዋት አምፖል ከሽፋኑ ሥር አድርገህ አንድ ሌሊት አሙቀው። ካርቦኖቹ የሚነኩት ቀለበት ዝጎ ከሆነ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። ይህም ሆኖ ዙሩ ትክክል ሆኖ ቮልት ካልወጣው፣ ብዙ ጊዜ ዲናሞው ተቃጥሎ ሳይሆን ውስጡ የቀረችው ትንሽ የማግኔት ኃይል ጠፍታ ነው። ሞተሩን አጥፋ፤ ከሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ከረንት ቀጥተኛ ከሚያደርገው ክፍል) ወደ ካርቦኖቹ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ ምልክት አድርገህ ንቀል፤ የ12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን በፖዘቲቩ፣ ኔጋቲቩን በኔጋቲቩ ለሁለት ሦስት ሰከንድ አስነካ፤ ሽቦዎቹን መልሰህ አስነሳው። በዚህ ምክንያት «ዲናሞው ሞቷል» ተብሎ እንደገና እንዲጠቀለል የተላከ ዲናሞ አይቻለሁ።

የናፍጣው ጉዳይ ይቀራል። 4.5 ኪሎ ዋት ሲሠራ በሰዓት 1.8 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ሸክሙ ሲቀንስ ግን ፍጆታው በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚበላው አለና። ሌሊቱን ሙሉ ለሁለት ዲፕ ፍሪዝ ብሎ ማስጮህ ኪስህን ይጎዳል፤ ሞተሩም ሸክም አንሶት ሳይግል ስለሚያድር ጥላሸት ያጠራቅማል፣ ማርሚታውም ዘይት ያለቅሳል። ዲፕ ፍሪዝ በበረዶና በዓሣ ሞልቶ፣ ክዳኑ ካልተከፈተ፣ አንድ ቀን ሙሉ ያለ መብራት ይቆያል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት አስነሳው፤ ውሃ መሳቡንም መጋገሩንም በየተራ ወደዚያው ሰዓት አምጣው፤ ባዶ ቦታ ያለውን ዲፕ ፍሪዝ ደግሞ ውሃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙላው። ቆሮሶ ዓሣህ ሌሊቱን በእነሱ ቅዝቃዜ ያድራል።